አራተኛው ሣጥን

ዶክተር ኦርላ ሄሽን ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የእንጨቷን ቤት ከፍታ ገባች፣ መብራቱን አበራችና መደርደሪያውን ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ስድስት መሆን የነበረባቸው ሣጥኖች አምስት ናቸው። አራት ቁጥር የተጻፈበት የለም።

ኢንስፔክተር ደርቭላ ቲርናን ከስላይጎ ከተማ ስትደርስ ከባሕሩ በኩል ካፊያው ጀምሮ ነበር። ሳጅን ማላኪ ዶሄኒ ጉልበቱን እያሻሸ ከመኪናው ወረደ። ጡረታ ሊወጣ አምስት ወር የቀረው፣ ጭቃ የሚጠላ ግዙፍ ሰው ነው። ቤቷ የቆመችው ከካሮናግላስ ጉብታ ሥር ነው። ጉብታው ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ድንጋይ በድንጋይ ላይ ከምረው ሙታናቸውን ያሳረፉበት ነው፤ የኦርላ ቡድን ከግንቦት ጀምሮ ሲቆፍረው ከርሟል።

«ምን ነበር ውስጡ?» አለች ደርቭላ።

«የሕፃን አጥንት» አለች ኦርላ። «ምናልባት በተወለደበት ቀን የሞተ። በጥጥ ጠቅልዬ ነው ያስቀመጥኩት።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«በዚያ ዕድሜ አጥንቱን አይቶ የሚለይ ሰው የለም። ከጆሮው አጥንት ቁራጭ ወስጄ ደብሊን ላቦራቶሪ ልኬያለሁ። ጾታውንም ዕድሜውንም እነሱ ይነግሩናል። እኔ የጉብታው ሠሪዎች ልጅ ነው ብዬ አምናለሁ።»

«ታምኛለሽ ወይስ ታውቂያለሽ?»

«አምናለሁ። በስተሰሜን፣ ከጉብታው ዳር፣ ከጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር ነው ያገኘነው። እምብዛም ጥልቅ አልነበረም። አጠገቡ የጥንት ሸክላ ስባሪ ነበረ።»

ደርቭላ ሁለተኛውን ሣጥን ከፈተች። እንደ መስታወት የሚያበራ አረንጓዴ የድንጋይ መጥረቢያ ተኝቶበታል።

«ይሄስ?»

«ሰብሳቢ ቢያገኘው የአንድ መኪና ዋጋ ይከፍልበታል።»

መጥረቢያውን ትቶ አጥንት የሚወስድ ምን ዓይነት ሌባ ነው? ደርቭላ ይህን እያሰላሰለች ዞር ዞር አለች። የበሩ ቁልፍ አልተነካም። ቅዳሜ ማታ አንዲት ሠራተኛ ጃኬቷን ልትወስድ ገብታ ስድስቱንም ሣጥኖች አይታለች። ስለዚህ የጠፋው እሑድ ነው። መስኮቶቹ ሁለት ሲሆኑ ሁለቱም እንደታሸጉ ናቸው።

«በግድግዳ አልፎ ገባ እንዳትዪኝ» አለ ማላኪ።

ደርቭላ የኋለኛው መስኮት ላይ አጎንብሳ ቆየች። መስታወቱን ከቴላዮው፣ ከመስኮቱ ክፈፍ ጋር የያዙት ቀጫጭን እንጨቶች በስምንት ቪቴ ተመትተዋል። በቪቴዎቹ ራስ ላይ ያለው የመፍቻ ጭረት ሁሉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ያያል፤ አንድም የተጣመመ የለም። ጥፍሯን ሰደድ ስታደርግ የሻማ ሰም ነካት። የፊተኛውን መስኮት ሄዳ አየች፤ የዚያኛው ቪቴዎች አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ነው።

«መስታወቱን ነቅሎ ገብቷል፤ ሲወጣ መልሶ ገጥሞታል» አለች። «ለስልሶ እንዲገባ ለቪቴው ሳይቀር ሰም ቀብቶለታል።»

«ጨዋ ሌባ ነዋ!» አለ ማላኪ።

*

በካሮናግላስ የጥንት ዕቃ ጠፋ ከተባለ መጀመሪያ የሚንኳኳው የፓኪ ዱርካን በር ነው። ፓኪ ብረት መፈለጊያ መሣሪያውን ይዞ በሰው ማሳ ሲዞር ሁለት ጊዜ ተቀጥቷል። በሩን የከፈተው ባንድ እጁ ሻይ፣ ባንድ እጁ ካልሲ ይዞ ነው።

«እንኳን ደህና መጣሽ ኢንስፔክተር። ማላኪ፣ ወፍረሃል።»

«እሑድ የት ነበርክ?» አለች ደርቭላ።

«ካስልባር ከተማ። ኳስ።»

«ማን አየህ?»

«አንድ ሰባት ሺህ ሰው። ከዚያ ውስጥ አራቱ የናንተው ፖሊሶች ናቸው። ዳኛው ቅጣት ምት ሲከለክለን በሳንድዊች መታሁት፤ እስከ ማታ ድረስ እነሱ ጋ ነው የዋልኩት። ደውዪላቸው። ሳንድዊቹ የአሳማ ሥጋ ነበር።»

ማላኪ ስልኩን ይዞ ወጣ። ሲመለስ ሳቁን ለመዋጥ እየታገለ ነበር። «እውነቱን ነው። የአሳማ ሥጋ ነው ብለው መዝግበውታል።»

«ደግሞ አጥንት ምን ያደርግልኛል?» አለ ፓኪ ካልሲውን እያጠለቀ። «ከተናደደ ሰው ጀምሪ እንጂ። ባለፈው ሳምንት ኦርላ መጠጥ ቤት መጥታ ስለ ጉብታው ስታወራልን ነበር። መጀመሪያ እዚህ የነበሩት ቆዳቸው የጠቆረ፣ ዓይናቸው ሰማያዊ አዳኞች ናቸው አለች። ቀጥሎ ከብትና እህል በጀልባ ጭነው የመጡት ጉብታውን ሠሩ። ከዚያ ደግሞ ሌሎች ነሐስ ይዘው መጡ፤ እኛ የነዚህ የመጨረሻዎቹ ነን አለች። እና እኔ መጤ ነኝ ማለት ነው? ብላት፣ አራት ሺህ ዓመት ቆይተሃልና አትፍራ፣ አናባርርህም አለችኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባርትሊ ጊልማርቲን ግን ቢራውን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ። ሽማግሌው ቢራ ትቶ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።»

*

ጉብታው ያለበት መሬት የባርትሊ ጊልማርቲን ነው። ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አናጢ ነበር። ሚስቱ ዊኒ በመጋቢት ስለሞተች ብቻውን ነው የሚኖረው። ደርቭላንና ማላኪን ምድጃው አጠገብ አስቀምጦ ሻይ ቀዳላቸው፣ ዳቦ ቆርሶ ቅቤ ቀባላቸው። እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ቢላዋውን ሲይዝ ግን ቀጥ ይላል።

«ከመጠጥ ቤት ተቆጥተው ወጡ አሉኝ» አለች ደርቭላ።

«ማነው ያለሽ? ያ ምላሱ የማያርፍ ፓኪ?» ፈገግ አለ። «አልተቆጣሁም። ደክሞኝ ነው። ኦርላ ጥሩ ልጅ ናት። መሬቴን ቆፍሪ ያልኳት እኔው ነኝ።»

«እሑድን እንዴት ዋሉ?»

«አምስት ሰዓት ላይ ቅዳሴ፤ ከዚያ ዊኒ መቃብር ጋ ትንሽ ቆየሁ። ምሳ የወንድሜ ልጅ ቤት በላሁ። እዚያው መሸ።»

«ጉብታው አካባቢ የተለየ ነገር አላዩም?»

ሽማግሌው ዳቦውን እያየ አሰበ። «ቅዳሜ አንድ ነጭ ቫን ቆሞ ነበር። ከድንበሩ ማዶ፣ የሰሜን ታርጋ ያለው።» ማላኪ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ሊወጡ ሲነሱ ባርትሊ እስከ በሩ ሸኛቸው፤ የደርቭላንም ክንድ ያዝ አደረገ። «ልጄ፣ ብታገኟት ምን ያደርጓታል? ልጅቷን? መልሰው ደብሊን መስታወት ውስጥ ያስቀምጧታል?»

«እሱን ኦርላ ናት የምታውቀው» አለች ደርቭላ።

«አየሽ፣ ሕፃን መስታወት ውስጥ...» አለና ክንዷን ለቀቀ።

*

ነጩ ቫን ሦስት ቀን በላ። ከሰሜን የሚመጡ ዕቃ ነጋዴዎችን አንድ በአንድ ደወሉላቸው። በመጨረሻ የተገኘው ባለ ነጭ ቫን የውሻ ቡችላ ሊሸጥ የመጣ ሰውዬ ሆነ፤ እሱም የመጣው ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ነው። ማላኪን አንድ ቡችላ ሊያስገዛው ምንም አልቀረውም።

ሐሙስ ዕለት የደርቭላ አለቃ ደወለ። ጥያቄው አጭር ነው፤ የአጥንቱን ዕድሜ ማንም ሳያረጋግጥ ጥንታዊ ነው ያለው ማነው? የሠላሳ ወይም የኀምሳ ዓመት ከሆነስ? አንዲት እናት ወይ አንድ አባት ደብቆ የገደለው ሕፃን ከሆነስ? እንዲያ ከሆነ ሌባው ማስረጃ እያጠፋ ነው፤ የያዙትም የግድያ መዝገብ ነው።

ደርቭላ ስልኩን ዘጋች። አልወደደችውም፤ ግን ያስኬዳል። ከመጥረቢያ ይልቅ አጥንት የሚወስድ ሰው፣ አጥንቱ የሚያስፈራው ሰው ነው።

«ከዛሬ ስልሳ ዓመት ወዲህ ካሮናግላስ የኖሩትን ሴቶች ስም አውጣልኝ» አለችው ማላኪን።

ማላኪ እስክሪብቶውን አላነሳም። «የሰማንያ ዓመት አሮጊት በር እያንኳኳን፣ ልጅ ገድለሽ ቀብረሻል ወይ ልንል ነው?»

«ማን ደስ አለው ብለህ ነው?»

«እኔ እዚህ ነው ያደግኩት ደርቭላ። አንዳንዱን በር ከከፈትሽው የሚዘጋው የለም።»

የመጀመሪያውን ስም ሳይጽፉ ዓርብ ጠዋት ኦርላ ራሷ ጣቢያው መጣች። የዝናብ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም።

«ውጤቱ መጣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ። ከእኛ አምስት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ይርቃል። የጉብታው ሠሪዎች ልጅ ነው... ማለቴ ናት። ሴት ናት። ቅድመ አያቶቿ በምሥራቅ በኩል ከሩቅ አገር ዘር ይዘው፣ ጥጃ በጀልባ አስረው የመጡት ናቸው።»

ማላኪ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ። ማንም አልተገደለም። ደርቭላ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ሴት መሆኗን ከዛሬ በፊት ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም። እኔም አሁን ነው የሰማሁት።»

«ባርትሊ ሰኞ ዕለት ‹ልጅቷ› አለኝ። ‹ያስቀምጧታል›ም አለኝ።» ተነስታ በክፍሉ ውስጥ ተንጎራደደች። «ኦርላ፣ መጠጥ ቤት ያወራሽ ጊዜ ባርትሊ ተነስቶ የወጣው ምን ስትዪ ነው? መጤዎች ነን ስትዪ ነው?»

ኦርላ ዓይኗን ጨፍና አሰበች። «አይ። እሱን ስል አብሮ ስቋል። የወጣው ስለ ሕፃኑ ስነግራቸው ነው። በስተሰሜን፣ ከጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር ሕፃን አገኘን ስል።»

«አለቃዬ የተሳሳተው ተሳስቷል፤ ግን አንድ ነገር ልክ ነው» አለች ደርቭላ። «አጥንቱ የቅርብ ጊዜ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ነው የወሰደው። እኛ ካሰብን ሌላ ሰውም ሊያስብ ይችላል።»

መንገድ ላይ ሆና ለባርትሊ የወንድም ልጅ ደወለች። አዎ፣ እሑድ ምሳ እኛ ጋ ነበር አለች ሴትየዋ፣ ግን አላመሸም። ስምንት ሰዓት ላይ ውሻው ቤት ተዘግቶበታል ብሎ ወጣ። ጣፋጩን እንኳ አልቀመሰም።

«ውሻ አለው?»

«ነበረው» አለች ሴትየዋ። «ለካስ በገና በዓል ሰሞን ሞቷል።»

ባርትሊ ቤቱ አልነበረም። በሩ ግን እንደ ወትሮው አልተቆለፈም። ደርቭላ ደፉ ላይ ቆማ ማጠፊያዎቹን አየች። ሽማግሌው ራሱ የመታቸው ዐሥራ ሁለት ቪቴዎች ናቸው፤ የሁሉም ጭረት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ያያል።

*

ያገኙት መቃብር ቦታው ነው፤ ከዊኒ መቃብር አጠገብ በእንጨት በርጩማ ተቀምጦ። ማላኪ አጥሩ ጋ ቀረ። ደርቭላ ስትቀርብ ሽማግሌው ቀና አላለም። መቃብሩ ላይ ያለው ሣር በመሐሉ አራት ማዕዘን ሆኖ ተቆርጦ ተመልሷል፤ ጠርዙ በጣት ስለተጠቀጠቀ ለማየት ያስቸግራል።

«ባርትሊ፣ እሑድ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«አውቀሽዋል» አለ። «ተቀመጪ፣ ሣሩ እርጥብ ነው እንጂ።»

ካፖርቷን አነጠፈችና ተቀመጠች።

«በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አራት ነው» አለ ባርትሊ። «ዊኒ ሁለት ቀን አምጣ ወለደች። ልጅቷ አላለቀሰችም። ካህኑ ሳትጠመቅ ስለሞተች እዚህ ግቢ አትገባም አለኝ። ያኔ ደንቡ እሱ ነበር። ወዴት ልውሰዳት ብለው፣ እንዳሻህ አለ። እንዳሻህ!» ጉልበቱን ያዘ። «ሣጥኑን እኔው ሠራሁት። ጎህ ሳይቀድ ካፖርቴ ውስጥ አድርጌ ጉብታው ጋ ወሰድኳት። ክርስቲያን ባይሆኑም የሰው ሙታን እዚያ አሉ፣ ብቻዋን አትሆንም ብዬ። በስተሰሜን ቀበርኳት፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደረብኩላት። ዊኒ ስመለስ መስኮቱ ላይ ቆማ ነበር። የት እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ስልሳ ዓመት ባንድ አልጋ ስንተኛ አንድም ቀን አላነሳነውም።»

ባርትሊ ወደ ዊኒ መቃብር ዞረ።

«በመጋቢት ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት እጄን ያዘችና፣ ‹ባርትሊ፣ አምጣልኝ› አለችኝ። ምኗን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እሺ አልኳት።»

«ለኦርላ ቢነግሯት ኖሮ...»

«ምን ብዬ? ለዊኒ ያላልኩትን ለሷ? አምስት ሺህ ዓመት ነው ብላለች፤ ግን አምናለሁ አለች እንጂ አውቃለሁ አላለችም። በስተሰሜን አለች። ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች። ሣጥኑ በስብሶ ይሆናል አልኩ።» በእጁ ሣሩን ዳሰሰ። «ሰረቅህ ካላችሁኝ ልክ ናችሁ። የትም ውሰዱኝ። ግን አታውጧት። እናቷ ጋ ናት።»

ደርቭላ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ የሞት መርዶ ለብዙ ሰው ነግራለች። እንዲህ ያለ ግን ገጥሟት አያውቅም።

«ባርትሊ» አለች፣ ክንዱን ይዛ። «የእርስዎ ልጅ አይደለችም። ውጤቱ ዛሬ መጣ። ኦርላ ልክ ናት። ከአምስት ሺህ ዓመት በላይ ነው።»

ሽማግሌው ቀና ብሎ አያት።

«እርግጠኞች ናችሁ?»

«እርግጠኞች ነን።»

«ታዲያ የሰው ልጅ ነው የወሰድኩት» አለ በመጨረሻ። «አንዲት ሴት እዚያ አስተኝታታለች። ባሕሩ እንዲታያት ነው መቼም። እኔ ሄጄ ከማታውቃት ሴት ጋር ቀበርኳት።» እንባው እስከ አገጩ ወረደ፤ አልጠረገውም። «የእኔዋም እዚያው ቀረች።»

*

ሣጥኑን ያወጣችው ኦርላ ናት፤ በዚያው ከሰዓት በኋላ፣ በትንሿ የግንበኛ ማንኪያ፣ ተንበርክካ። አንድ ክንድ አይጠልቅም ነበር። ባርትሊ በዊኒ የሱፍ ሻርፕ ጠቅልሎታል። ኦርላ ሻርፑን አጣጥፋ ስትመልስለት፣ «ለሷ ይሁን» አላት፣ ወደ ሣጥኑ እያሳየ። «ይበርዳታል ብዬ ነበር።»

ኦርላ እጇን በሱሪዋ ጠረገች። የተናደደች መስላ ነበር፤ ስትናገር ግን የተናደደችው በራሷ ላይ ነው።

«በስተሰሜን ነጫጭ ድንጋዮች አይቼ ነበር። ትናንሽ፣ ክብ፣ ከባሕር ዳር የመጡ። የጥንት ስላልሆኑ ከብት ያንከባለላቸው ይሆናሉ ብዬ አለፍኳቸው። ካርታዬ ላይ እንኳ አላኖርኳቸውም።»

ባርትሊ ቀና አለ። «እኔ አንድ ነጭ ድንጋይ አድርጌባት ነበር። ጠፍጣፋው ላይ።»

«ዐሥራ አንድ ቦታ ናቸው» አለች ኦርላ።

«ዐሥራ አንድ?»

ማላኪ ባርኔጣውን አወለቀ። ባርትሊ ከአንዱ ወደ አንዱ አያቸው፤ አንዳች የማላውቀውን ነገር ይነግሩኛል ብሎ የሚጠብቅ ይመስል። «እኛ ብቻ ነን ብዬ ነበር» አለ። «እኔና ዊኒ ብቻ የሆንን መስሎኝ ነበር።»

ደርቭላ ሪፖርቱን በአንድ ገጽ ጻፈችው። ንብረቱ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል፣ ጉዳት አልደረሰበትም፣ ተጠርጣሪው ሳይደብቅ አምኗል፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በቂ ነው። አለቃዋ አንብቦ፣ «ቪቴ ገጥሞ የሄደ ሌባ ሰምቼ አላውቅም» አለና ፈረመበት። ኦርላ በስተሰሜን ያለውን ቁፋሮ አስቁማ፣ ዐሥራ አንዱን ቦታ ማንም እንዳይነካው በገመድ አጠረችው። የጥንቷን ሕፃን አጥንት ያቆየው ከላይዋ የነበረው የኖራ ድንጋይ እንደሆነ፣ በቀረው ቦታ ግን አፈሩ አሲድ ስለሚበዛበት አጥንት እንደማይቆይ፣ የማን የት እንደሆነም ማንም ሊለይ እንደማይችል ለባርትሊ አስረዳችው። ባርትሊ ነጭ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ዞሮ፣ ከባሕሩ ወገን ካሉት ሁለት አንዱ ነው፣ ይበቃኛል አለ።

ቀጥሎ ባለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያ ሊቆም ፈለገ። አብራው እንድትቆም ደርቭላን ጠየቃት። ለማንም አልተናገርኩም ብሏት ነበር፤ ምናልባት ለወንድሜ ልጅ ብቻ።

ደርቭላና ማላኪ ሲደርሱ ወደ ጉብታው የሚያስገባው ጠባብ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ማላኪ መኪናዎቹን ሲቆጥር ሃያ ሦስት ደረሰና ተወው። ሽማግሌዎች በከዘራ፣ አሮጊቶች በልጆቻቸው ክንድ ተደግፈው ሜዳውን ያቋርጣሉ። ብዙዎቹ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን በየአጥሩ ላይ ሲያወሩ የኖሩ። አሁን እርስ በርስ ሲተያዩ ግን ገና የተዋወቁ ይመስላሉ። አንዲት አሮጊት ለባልንጀራዋ፣ «አንቺም?» ብቻ አለቻት፤ ባልንጀራዋም ራሷን ነቀነቀች። ማላኪ እናቱን ከመኪና ሊያወርድ ሄዶ ነበር። ስለ መምጣቷ ለደርቭላ አልነገራትም፤ ደርቭላም አልጠየቀችውም።

ፓኪ ዱርካን ጸጉሩን አበጥሮ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ከገመዱ ወዲህ ለብቻው ቆሟል። ደርቭላ አጠገቡ ደረሰች። ዛሬስ የሚቀልድበት ያጣ ይመስላል።

«እናቴ እሑድ እሑድ ላሞቹን አይቼ ልምጣ ብላ ወደዚህ ትመጣ ነበር» አላት ዓይኑን ከድንጋዮቹ ሳይነቅል። «ትናንት ማታ ነው ያሰብኩት። እኛ በዚህ በኩል ላም ኖሮን አያውቅም።»

ባርትሊ ከወዲያኛው ሰማው። ከባሕሩ ወገን ካሉት ሁለት ድንጋዮች አጠገብ ቆሞ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ አለና ቦታ ለቀቀለት።

«ና ፓኪ» አለው። «እዚህ ቁም።»